በሁለት ማህተሞች መካከል፦ ለሶሻል ወርክ ትምህርት ክፍሎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለማኅበራዊ ሥራ (ሶሻል ወርክ) ትምህርት ክፍሎች ኃላፊዎችና መምህራን
ግልባጭ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር፤ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
ጉዳዩ፦ የተማሪዎችን የመስክ ልምምድ ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

የካቲት ሲገባ ቢሮዬ በር ላይ ልጆች ይቆማሉ። ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ሰባት። እጃቸው ላይ የታጠፈ ወረቀት አለ። ወረቀቱን ሳልከፍተው አውቀዋለሁ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ተማሪዎቻችን የተግባር ልምምድ ስለሚያደርጉ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው በትህትና እንጠይቃለን ይላል። ከታች ፊርማና ማህተም አለው። የእኔ ስም የለበትም። ልጆቹ ምን እንዲማሩ እንደተላኩም አይናገርም።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሌላ ወረቀት ይመጣል። እሱ ደግሞ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ የሚሰጥባቸው ሣጥኖች አሉት። ሰዓት አክባሪነት፣ አለባበስ፣ ከሠራተኞች ጋር ያለው ተግባቦት። እሞላለሁ፣ እፈርማለሁ፣ ማህተም አስመትቼ እመልሳለሁ። ልጁ ይመረቃል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእነዚህ ሁለት ወረቀቶች መካከል ስላለው ጊዜ ነው።

ሶሻል ወርክ ተምሬ ከተመረቅኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሁን የምሠራው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ከሚኖሩ ቤተሰቦች ጋር ነው። ከጫካው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ትምህርት ቤት መዋል ሲገባቸው ሸማ ቤት የሚውሉ ልጆች አሉ። ጧሪ የሌላቸው አዛውንቶች አሉ። ላለፉት አምስት ዓመታት ተማሪ ስትልኩ ከሚቀበሏችሁ ሰዎች አንዱ ነኝ። ስለዚህ የምወቅሰው እናንተን ብቻ አይደለም። ማህተሙን የማስመታው እኔ ነኝ።

በመጀመሪያ የራሴን ልናገር።

ተማሪ ሆኜ ልምምድ የወጣሁበት መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) የተሰጠኝ ሥራ ፎቶ ኮፒ ማንሳት ነበር። ኃላፊዋ ሥራ የበዛባቸው ደግ ሴት ነበሩ። «ና የኔ ልጅ፣ እዚህ ቁጭ በል» አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ስምንት ሳምንት ፋይል ደረደርኩ፣ ስልክ አነሳሁ፣ ሻይ አዘዝኩ። አንድም ቤት አላንኳኳሁም። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ሣጥን አምስት አምስት ሞሉልኝ። ኤ አገኘሁ። ደስ አለኝ። ምን እንደቀረብኝ መች አውቄ!

ያወቅኩት ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አንዲት እናት ቤት ገባሁ። እጄ ላይ አራት ገጽ ፎርም ይዣለሁ። የቤተሰብ ብዛት፣ የገቢ ምንጭ፣ በቀን ስንት ጊዜ ይበላል። አንድ በአንድ እየጠየቅኩ ምልክት አደረግኩ። ሴትየዋ ሁሉንም መለሰችልኝ። ስጨርስ ፎርሜን አጥፌ ተነሳሁ። «ጨረስክ?» አለችኝ። «አዎ ጨርሻለሁ» አልኳት። በማግሥቱ ጎረቤቷ ነገረችኝ። ለካ የዚያን ቀን ጠዋት አከራይዋ ዕቃዋን ይዛ እንድትወጣ አስጠንቅቋታል። ፎርሙ ላይ ስለ አከራይ የሚጠይቅ ሣጥን አልነበረም። እኔም ከሣጥኑ ውጪ መጠየቅ አልተማርኩም። «ጨረስክ?» ያለችኝ እኮ ልትነግረኝ ፈልጋ ነበር።

ያንን ቤት አሁንም በአጠገቡ ሳልፍ አየዋለሁ። ሌላ ሰው ገብቶበታል።

አሁን ወደ እናንተ ተማሪዎች ልምጣ። ሰዎቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ቀየር አድርጌዋለሁ።

ከላካችኋቸው ልጆች አንዷ በጣም ጎበዝ ነበረች። የሙያውን ሥነ ምግባር እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። አንድ ቀን አብረን እማማ ቤት ሄድን። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ቡና እያፈሉ ደረስን። ቀድተው ሲያቀርቡላት «አመሰግናለሁ፣ አልጠጣም» አለች። ደግመው «በሞቴ» አሏት። ደግማ እንቢ አለች። ከተጠቃሚ ምንም ነገር አይወሰድም ተብላ ተምራለች። እማማ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መለሱት። ከዚያ በኋላ የጠየቅናቸውን ሁሉ በአጭር በአጭሩ መለሱልን። «ደህና ነኝ።» «እግዜር ይመስገን።» «ምን ጎድሎብኝ።» ተማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ «ችግር የለም» ብላ ጻፈች።

ሕጉ መጥፎ ነው አልልም። የድጋፍ ስም ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው ዶሮና ቅቤ እየተቀበለ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ግን አንድ ሲኒ ቡና ዶሮ አይደለም። ቡናውን ትቶ ፎርም የሚያወጣ ሰው እማማ ቤት እንደ ግብር ሰብሳቢ ነው የሚታየው። እኔ በዚህ ሰፈር ቁም ነገር የሰማሁት ብዙውን ጊዜ ቶና ላይ ነው። አቦሉ ሲጠጣ ስለ ዘይት ዋጋ ይወራል፣ ስለ ትናንቱ ለቅሶ ይወራል። ሁለተኛው ሲቀዳ «ልጄ ከአረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ሌሊት አትተኛም» ይመጣል። እና ተማሪዋን ከቤቱ ስንወጣ መንገድ ላይ ይህንን ነገርኳት። «ታዲያ ክፍል ውስጥ ለምን አልነገሩንም?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

«እግዜር ይመስገን»ም እንደዚያው ነው። አገራችን ውስጥ ይህ ቃል ሰላምታ ነው፣ ጨዋነት ነው፣ ይሉኝታ ነው። ሦስት ቀን ያልበላም ሰው ይለዋል። ድምፁን ሰምቶ፣ ምድጃውን አይቶ፣ የቱ እግዜር ይመስገን ምን እንደደበቀ መለየት ይቻላል። ይህ ግን በፓወር ፖይንት አይተላለፍም። ከሚችል ሰው ጎን ተቀምጦ ብዙ ቤት ገብቶ መውጣት ይጠይቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቋንቋው ነው።

አራት ዓመት በእንግሊዝኛ ታስተምራላችሁ። ኢምፓቲ፣ ኮንፊደንሻሊቲ፣ ኬዝ ማኔጅመንት፣ ስትሬንግዝ ፐርስፔክቲቭ። ልጁ እነዚህን ቃላት ይዞ ዳገቱን ይወጣል። ከሰዎቹ ጋር በአማርኛ ያወራል፣ ማታ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ይጽፋል። በመሐል ስንት ነገር ይፈስሳል መሰላችሁ!

አንድ ተማሪ ባሏ የሞተባትን ሴት አነጋግሮ ሪፖርት አመጣልኝ። «ደንበኛዋ ዲፕረስድ ናት፤ ወደ አእምሮ ሕክምና ሪፈር መደረግ አለባት» ይላል። «እሷ ራሷ ምን አለችህ? ቃሏን ንገረኝ» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ሆድ ባሰኝ አለች» አለኝ።

እስኪ አስቡት። ሆድ ባሰኝ የሚል ሰው አዝኛለሁ ብቻ እያለ አይደለም። ሆድ የሚብሰው ከሰው ሲጠበቅ ነው። ይደርስልኛል ያሉት ሰው ሲቀር ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «እንቅልፍ ትተኛለሽ ወይ?» ሳይሆን «ማን ቀረብሽ?» ነው። ተመልሰን ሄድን፣ ልጁ ራሱ ጠየቃት። ወንድሟ ነው። በሁለት ታክሲ የሚደረስበት ሰፈር እየኖረ ለባሏ አርባ አልመጣም። በውርስ ነገር ተቀያይመው ኖሯል። እኛ የሠራነው ሥራ የእድሩን ዳኛ ማነጋገር ብቻ ነበር። ሁለት ሽማግሌ ይዘው ሄዱ፣ ወንድምየውን አመጡት። አሁን የልጆቿን የትምህርት ቤት ወጪ የሚችለው እሱ ነው።

ድብርት የሚባል በሽታ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፣ መድኃኒት የሚያስፈልገውም አለ፣ እኔም ሪፈራል እጽፋለሁ። ግን ልጁ «ሆድ ባሰኝ»ን በእንግሊዝኛ ሲተረጉመው ወንድምየው ከታሪኩ ወጣ። እድሩም ወጣ። ማኅበረሰብን ስለ ማደራጀት ሙሉ ኮርስ ወስዷል። መዝገብ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ዳኛና ጡሩምባ ነፊ ያለው ድርጅት ከሴትየዋ ቤት ሦስት በር አልፎ እንዳለ ግን ልብ አላለውም።

ነገሩ የአማርኛ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጅማ ዙሪያ የሚወጣው ተማሪ በአፋን ኦሮሞ ይሰማል፣ ሐዋሳ ያለው በሲዳምኛ። ሁሉም ቋንቋ የራሱ ሆድ አለው። እባካችሁ ቢያንስ አንዱን የልምምድ ሪፖርት ሰዎቹ በተናገሩበት ቋንቋ፣ ከተቻለም በራሳቸው ቃል እንዲጽፉት ፍቀዱላቸው። ሌላውን በእንግሊዝኛ ይጻፉት፣ ግድ የለም።

የሚቀጥለውን ታሪክ ብዘለው ደስ ባለኝ። በአጭሩ ልንገራችሁ።

አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አብሯት ስለሚኖር ዘመድ አንድ ነገር ለተማሪያችን ነገረችው። መጀመሪያ ግን «ለማንም አትናገርም አይደል?» ብላ ጠየቀችው። «ለማንም አልናገርም» አላት። ሚስጥር ጠባቂነትን ተምሯል፣ ፈተና ላይም ወጥቶ ሠርቶታል። የሚስጥር ወሰን የሚባል ነገር እንዳለም አንብቧል። ግን ያንን ወሰን ለልጅ በሚገባ አማርኛ ጮክ ብሎ እንዲናገረው ማንም አላለማመደውም። ዓረፍተ ነገሩ ከባድ አይደለም። «የምትነግሪኝን ለራሴ እይዘዋለሁ። አንቺን የሚጎዳ ነገር ከሆነ ግን ሊረዳሽ ለሚችል ሰው መንገር አለብኝ። ያን ጊዜም አንቺን ሳልነግርሽ አላደርገውም።» በቃ፣ ይኸው ነው። ከክፍል ጓደኛው ጋር አሥር ጊዜ ቢለማመደው ኖሮ በአሥራ አንደኛው ከአፉ ይወጣ ነበር።

ነገሩን ዘጠኝ ቀን ይዞት ቆየ። በዘጠነኛው ቀን ፊቱ ተለዋውጦ መጥቶ ነገረኝ። ልጅቷን ጋንዲ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት የተቀናጀ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ወደሚሰጥበት ቦታ ወሰድናት። እዚያ ሐኪሙ፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ግቢ ስለሚሠሩ ልጅ ያንኑ ታሪክ በየቢሮው እየዞረች አትደግምም። ተማሪው እንደዚህ ያለ ቦታ መኖሩን ያወቀው ያን ቀን ነው። ልጅቷ ዛሬ ደህና ናት። ልጁ ግን ተመርቆ በሙያው አልቀጠለም። ሞባይል መሸጫ ውስጥ ይሠራል። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን «አንተስ እንዴት ነህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። እኔም አልጠየቅኩትም። የመገምገሚያ ወረቀቱ ላይ ግን አምስት ሰጥቼዋለሁ።

አንዳንዴ ይህ ሁሉ ከየት መጣ ብዬ አስባለሁ። አገራችን ውስጥ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ገና ከቅኝ ግዛት ሳይወጡ። ደርግ ከመጣ በኋላ ተዘጋ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፣ እሱም በማስተርስ ጀምሮ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ዶክትሬት ተጨመረ፣ የመጀመሪያ ዲግሪው ኋላ መጣ። በመሐል ሠላሳ ዓመት ያህል ሄደ። ሠላሳ ዓመት ማለት የሙያው ታላቅና ታናሽ ሳይተዋወቁ ቀሩ ማለት ነው። ሐኪም ከሐኪም ጀርባ ቆሞ ይማራል። ሸማኔውም ሽሮ ሜዳ ላይ ከአባቱ ጎን ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው የሚማረው። የእኛ ሙያ ሲመለስ መጽሐፉ ቶሎ መጣ፣ ጎኑ የሚቀመጡበት ሰው ግን አልነበረም። ያኔ ጥፋቱ የማንም አልነበረም። አሁን ግን ተመራቂው በዝቷል፣ ጎንደር ብትሉ፣ ጅማ ብትሉ፣ ባሕር ዳር ብትሉ ትምህርቱ አለ። ምክንያቱ እያረጀ ነው።

ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹም ትንሽ ነገር አለኝ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው የመውጫ ፈተና ይወስዳል፣ ሃምሳ ካላመጣ ዲግሪው አይሰጠውም። ፈተናውን አልጠላሁትም። ሆኖም ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በሚለው ውስጥ የእማማ ሲኒ አይገባም። ፈተናው ከመጣ ወዲህ ተማሪዎቹ ልምምድ ላይ ሆነው ሞጁል ሲያነቡ አያለሁ። ምን ያድርጉ? የሚጥላቸው ፈተናው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ሰውን በመስክ ማሠልጠን ደግሞ መንግሥት የሚያውቅበት ነገር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ተመልምለው አንድ ዓመት ሠለጠኑ፣ የሥልጠናው አብዛኛው ክፍል በተግባር ነበር። ከዚያ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ተመድበው ደመወዝተኛ ሆኑ። ከሠላሳ ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ መንገድ አልፈዋል። እንግዲህ ዲግሪ ለሌላት ልጅ ያን ያህል የመስክ ጊዜ ከተገኘ ለአራት ዓመት ተማሪ እንዴት ይታጣል? የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲው ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሴፍትኔቱ አለ፣ የጥቃት ሰለባዎች ድጋፍ አለ፣ የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ አለ። ያ ሁሉ ወረቀት መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ሄዶ በር ማንኳኳቱ አይቀርም።

በነገራችን ላይ፣ «ሶሻል ወርከር ይፈለጋል» የሚለውን የሥራ ማስታወቂያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «በሶሻል ወርክ፣ በሶሲዮሎጂ፣ በሳይኮሎጂ፣ በማኔጅመንት ወይም በተዛማጅ» ይላል። ተዛማጁ ማለቂያ የለውም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሕግ በተቋቋመው የሙያ ምክር ቤት ሳይመዘገቡ በዚህ ስም መሥራት አይቻልም። ይህ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልገዋል፣ ለዛሬ ይለፈን።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። ተማሪ ከመላካችሁ በፊት አንድ መምህር ይምጣና እንተዋወቅ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለግማሽ ቀን። ደብዳቤው ላይ ስሜ ይጻፍ፣ እኔም ተጠያቂ ልሁን። ልጆቹ ምን መቻል እንዳለባቸው በአንድ ገጽ አስፍሩልኝ። አለባበሳቸውን ተዉት፣ ልብሳቸው ጥሩ ነው። ይልቅ አንድ ቤት ብቻቸውን ገብተው መውጣት ይችላሉ ወይ? ዝም ብሎ መቀመጥ ይችላሉ ወይ? በሳምንት አንድ ሰዓት ስለ ሰሙት ነገር የሚያወሩት ሰው ይኑራቸው፣ እኔ ካልሆንኩ ከእናንተ አንዱ።

የታክሲውንም ነገር አስቡበት። አምና አንድ ልጅ ከሰዓት በኋላ ለምን እንደሚጠፋ ስጠይቀው፣ የመመለሻ ሳንቲም ስለማይኖረው በእግሩ ወደ ዶርም ለመድረስ ቀድሞ እየወጣ ነው። ስድስት ኪሎ ቅርብ ነው አትበሉኝ፣ የሱ ግቢ ሌላ ጫፍ ነው።

ደግሞ ሶሻል ወርክን ሰባተኛ ምርጫው አድርጎ ሞልቶ የደረሰውን ልጅ አትናቁት። ውጤት አንሶት የመጣ ነው እያላችሁ ስታወሩ ሰምቻለሁ፣ እነሱም ይሰሟችኋል። ካየኋቸው ሁሉ ሰው መስማት የሚችለው ልጅ ምርጫው ሲቪል ኢንጂነሪንግ የነበረ ነው። አሁን አብሮኝ ይሠራል። እማማ እሱ ከሌለ ቡና አያፈሉም።

የእኔን ድርሻ ደግሞ ይኸው። ለሚቀጥለው ዓመት አራት ተማሪ እቀበላለሁ፣ ከዚያ በላይ አልችልም። ፎቶ ኮፒ አያነሱም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከእኔ ጋር ይገባሉ፣ አይጠይቁም፣ አይጽፉም፣ ይሰማሉ። ከዚያ እነሱ ይጠይቃሉ፣ እኔ ዝም እላለሁ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ቁጭ ብለን እናወራለን፣ ሻይ በእኔ ነው። መጨረሻ ላይ የሚገባቸውን ነጥብ እሰጣለሁ። ሁለት የሚገባው ካለ ሁለት ይሰጠዋል፣ ስልክ እንዳትደውሉልኝ።

የምትልኳቸው ልጆች ስማቸው እስከ ጥር አጋማሽ ይድረሰኝ። ከመጋቢት በኋላ ዳገቱ ዝናብ ሲመታው ያንሸራትታል፣ ሶሉ ያላለቀ ጫማ ይዘው ይምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሽሮ ሜዳ የሚሠራ አንድ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ